የተቆረጡት ሰባት ሰከንዶች

የነፍስ አባቴ ኮተቤ ወዳለው ቤታችን ድረስ እየመጡ "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላቸዋለሁ። አለ። ለእሳቸውም ለሚስቴም ነግሬያቸው የማላውቀው አንድ ነገር አለ፤ ለእናንተ የምነግራችሁም ስለማታውቁኝ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራዬ ክሊፕ መሥራት ነው። ያልሠራሁት ዓይነት የለም። ዘፋኙን ፏፏቴ አጠገብ አቁሜ ከኋላው አራት ተወዛዋዥ ደርድሬያለሁ። የተከራየነውን መኪና የራሱ አስመስዬ በጭስ መሀል አዘፍኜዋለሁ። እንጦጦ ፓርክ ላይ ድሮን አስነስቼ ጥንዶቹን ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ሆኜ ቀርጬያለሁ። በእነዚህ ማንንም አልበደልኩም፤ ቢበዛ ተመልካች አሰልችቼ ይሆናል። የበደልኩት ታሪክ ያለው ክሊፕ ልሥራ ያልኩ ጊዜ ነው።

ዘፈኑ ከስደት ስለሚመለስ ልጅ ነበር። እናቲቱን የምትሆን ተዋናይ አልፈልግም፣ እውነተኛ ፊት ነው የምፈልገው እያልኩ ስመጻደቅ ሰነበትኩ። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር እትዬ ሙሉን አገኘኋቸው። በራቸው ሰማያዊ ነበር፤ ለካሜራ አረንጓዴ ያምራል ብዬ በቀረጻው ዋዜማ አስቀባሁት። ያለ ምንም ክርክር እሺ ማለታቸው ገርሞኝ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ታምሩ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁን ከሰሙ ደግሞ አራት።

"ስልኬን አልቀየርኩም" አሉኝ። "እሺ ያልኩህም ምናልባት ባለበት ሆኖ ያየኝ ይሆናል ብዬ ነው።"

ያን ጊዜ አዘንኩ? አላዘንኩም። እንዴት ያለ ፊት አገኘሁ ነው ያልኩት።

ቀረጻው ግን እምቢ አለ። ልጁን ሆኖ የሚሠራው ወጣት ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ እትዬ ሙሉ እንደ እንግዳ አፍረው፣ ጎንበስ ብለው ይጨብጡታል። "ይሩጡ እንጂ፣ ልጅዎ እኮ ነው!" እላለሁ። "እሺ ልጄ" ብለው ሁለት እርምጃ ይሮጡና ሳቃቸው ይመጣል። ስንት ጊዜ ደገምነው! ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ልትገባ ምንም አልቀራትም።

ያኔ አደረግሁት። ጨርሰናል ብዬ እትዬ ሙሉን አመሰገንኳቸውና ወደ ግቢያቸው ገቡ። ካሜራማኑ ማሽኑን እንዳያጠፋ በዓይኔ ጠቀስኩት። ወጣቱን ሌላ ጃኬት አለበስኩት፣ ኮፍያ አስደፋሁት፣ ከታች ጀምሮ አቀርቅሮ እንዲወጣ ላክሁት። ከዚያ ስልኬን በእጄ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

"እትዬ ሙሉ፣ ታምሩ መጣ! ከታች ሰዎች አይተውት ደወሉልኝ፤ ያውና እየወጣ ነው።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላዘዘኝም። የልጃቸውን ስም ጠርቼ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት።

ሮጡ። ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሮጡ። አንድ እግር ጫማቸው መንገዱ ላይ ቀረ። ክሊፑ ሲወጣ አገር ያለቀሰበት ቦታ ይሄ ነው። ወጣቱን እንዳቀፉት ምስሉ ይጨልማል፤ እዚያ ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰባት ሰከንዶች እዚያ ከነበርነው በቀር ያያቸው የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ክሊፕ እንጦጦ ስወጣ እትዬ ሙሉ መንገድ ላይ አገኙኝ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጤንነቴን ጠየቁኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰሞኑን አንድ ሰው ደውሎ 'እማዬ፣ ስትሮጪ አየሁሽ' አለኝ። ይቆራረጣል፣ ድምፁ አይለይም። ደግሞ ሊጫወቱብኝ ነው ብዬ ዘጋሁበት። መልሼ ብሞክር አልሠራ አለኝ። እናንተ ናችሁ አይደል፣ ልጄ?"

ቸኩዬ ነበር። ሰዎቹ እየጠበቁኝ፣ ድሮኑም ተነስቶ ነበር። "አዎ እትዬ፣ ከእኛ ልጆች አንዱ ይሆናል። ሁለተኛ አይደገምም" አልኳቸው። ለምን አልኩ? አላውቅም ማለት ስችል ለምን አዎ አልኩ?

"ተመስገን" አሉ። "እሱ ቢሆንስ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።"

ቀለል ብሏቸው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ከክሊፑ ሥር ሰው የጻፈውን ሳነብ እዚህ ላይ ደረስኩ፦ "ይቺ እናቴ ናት። ደወልኩላት፣ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው፣ ስንት ዓመት ጠፍቼባት። ከእንግዲህ አላስቸግራትም። ግን ሰማያዊ በራችንን ማን ነው አረንጓዴ የቀባው?"

አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። በሩ ሰማያዊ እንደነበር ክሊፑን ያየ ሰው ከየት ያውቃል? ወዲያው ጻፍኩለት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናትህ አልጠላችህም፣ እባክህ እንደገና ደውልላት አልኩት። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት። በየቀኑ ጻፍኩለት። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ሦስት ጊዜ ለእትዬ ሙሉ ልነግራቸው ወጥቼ ከአረንጓዴው በር ተመልሻለሁ። ልጅዎ ደውሎ ነበር፣ የዘጉበት እሱን ነው ብላቸው ይሞቱብኛል እላለሁ ለራሴ። ለእሳቸው ያዘንኩ ይመስል! የምፈራው ሲሰሙ የሚያዩኝን አስተያየት ነው። እሳቸው እዚያ ላይ ሆነው ስልካቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔ እዚህ ታች ሆኜ ዝም እላለሁ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የእናንተ ይቅርታ ለእሳቸው ምን ይሠራል?

ሰባቱን ሰከንዶች አልፎ አልፎ ከፍቼ አያለሁ። እትዬ ሙሉ የወጣቱን ኮፍያ ቀና አድርገው ፊቱን ያያሉ። እጃቸው ጉንጩ ላይ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ቀስ ብለው ይለቁታል፣ የጨመደዱትን ጃኬት ያቃኑለታል።

"ይቅርታ ልጄ" ይሉታል። "የእኔ መስለኸኝ ነው።"

ወዲያው ከካሜራው ኋላ የእኔ ድምፅ ይሰማል፤ "ተያዘ! ተያዘ!" እያልኩ አጨበጭባለሁ።