ትርንጎ ያላነበበችው ወረቀት

ርእሰ መምህሯ ከቢሮው ደረጃ ላይ ቆማለች፤ መምህራኑ በስተግራዋ በአንድ ረድፍ፣ ልጆቹ እንደየክፍላቸው ሜዳው ላይ፣ እናቶች ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አባቶች ደግሞ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቻቸው ከበሩ አጠገብ። ባጃጁን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ የገባ አንድ ጎልማሳ ቁልፉን በጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ለእኔ ለአሮጊቷ ወንበር አምጥተውልኝ ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሥር ተቀምጫለሁ። የመጣሁት ለልጅ ልጄ ለቤተልሔም ነው። የዓመቱ ትምህርት መዝጊያ ቀን ነበር፤ ቤተሰብ ተጠርቶ የትምህርት ቤቱን ዜና ይሰማል፣ ከዚያም ከልጁ ጋር አንድ ገጽ ያነባል። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ይህ ለእኔ ደረሰ።

ዜናው ተነበበ፤ ንባቡ ተጀመረ። የባለባጃጁ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ገጿን ሳትደናቀፍ ጨረሰች። አባቷ ግን በዚያ አልረካም፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የተላከለትን መልእክት ዓይኗ ሥር ደቀነና «እስቲ ይህንስ?» አላት። ልጅቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ዳቦ ይዘህ ግባ፤ እንደ ትናንቱ ረሳሁ እንዳትል» ብላ አነበበች። ሜዳው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። አባትየውም ሳቀ።

«አያቴ፣ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ ቤተልሔም፣ ሳልስቅ ብታየኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረን ትምህርት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስለተሠራ በመስኮቱ በኩል የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ይታየን ነበር። ሩዝ ገና አገሩን አያውቀውም፤ ሜዳው የከብት ነበር። ሰኔ ሲገባ የረጠበ ዋልካና የከብት ሽታ ተቀላቅሎ ክፍላችን ድረስ ይመጣል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ማስተማሩን ትቶ በመስኮት ይመለከታል፣ እኛም ስለማይሰማን እንዳሻን እናወራለን። ያ ወሬ ነው እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ። ከሒሳቡ የቀረኝ ጥቂት ነው፤ በዝናብ ያወራነው ግን አልጠፋም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ትርንጎ ትባላለች። ቤታቸው ከርብ ወንዝ ዳር ከሜዳው መንደር ነው፤ ጠዋት ስትመጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ከደጃፉ ካለው ኩሬ እግሯን ትታጠባለች፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስም እዚያው ትቆማለች። ቀጭን ናት፤ ስታነብ ግን ድምጿ ከሰውነቷ የበለጠ ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ስለነበር ሰው ሁሉ «የጸሐፊው ልጅ» ይለኛል። በትምህርት ከትርንጎ አልደርስም ነበር፤ ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ሰኔ አንድ ቀን እግሯን ስትታጠብ ቀና ሳትል ነገረችኝ።

«ሽማግሌ ልከዋል።»

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ! ላንቺማ ማን ይልካል፣ ዶሮ እንኳ መበለት አትችይ።»

ሳቅን። ከዚያ አባቷ ለሽማግሌዎቹ የሰጠውን መልስ ነገረችኝ። አያ ዋሴ «ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ቤተሰብ ተጠርቷል፤ ሄጄ በጆሮዬ እሰማለሁ። ማንበብ አውቃ ከሆነ ትቀጥላለች፤ ካልሆነ ግን ጊዜዋን አላባክንም፣ ልጅቱን ትወስዳላችሁ» ብሏቸዋል። ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ አልፈራችም። ማንበብማ ማን እንደሷ!

የቤተሰብ ንባቡን ያመጣው አዲሱ መምህራችን ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቱ ነው፤ ቤተሰብ የልጁን ንባብ በጆሮው ቢሰማ ከትምህርት ቤት አያስቀረውም ብሎ ያምን ነበር። በመዝጊያው ቀን በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ዜና ከወረቀት አነበበልን፤ ነፋስ ሁለት ቆርቆሮ መውሰዱን፣ የጓሮ አትክልታችን ጎመን ማማሩን፣ ከዚያም ባለቤቱ እዚህ መካከል የሚገኝ አንድ በሬ ጎመኑን በአንድ ሌሊት መጨረሱን። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ባለበሬውን አየው። ባለበሬውም ጎመን የሚያነብ በሬ ያለው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ አሳቃቸው።

ከዚያ ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ ለዘመዶቻቸው አንዳንድ ገጽ አነበቡ። አንዲት እናት ልጃቸው አፉን ሳይከፍት እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው የጅቡንና የአህያዋን ተረት ሲያነብ ገጹ ስላለቀ ቢያቆም «ኧረ አህያዋስ?» ብለው አላስቀምጥ አሉት። የእኔ አባት ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሄዶ ስለነበር እናቴ መጥታ ሰማችኝ፤ ደህና አነበብኩ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ተደናቀፍኩ። ከዚያም ከትርንጎ ቀኝ በኩል፣ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ቆምኩ። ቀጣይዋ ተረኛ እሷ ነበረች።

ትርንጎ ገጿን አነበበች። እንዴት እንዳነበበች ልግለጸው ብል አልችልበትም፤ በር ላይ ቆመው የሚያወሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። አያ ዋሴ በዱላው ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ጥሩ ነው» አለ። «እንግዲህ መምህር፣ አይቆጡኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ውዳሴ ማርያምን ከዳር እስከ ዳር እወጣዋለሁ። መጽሐፉን ገልብጠው ቢሰጡኝም እወጣዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎቹ እየደጋገሙ ሲቀጽሉ ሰምቼ በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ይህች ልጅም መጽሐፉን ዓመቱን ሙሉ ስታዞረው ነበር፤ በቃሏ ብትይዘው ምን ይገርማል?»

ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈቶ በስምንት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ለልጁ ሰጣት።

«ይህን ደግሞ አንብቢልኝ።»

ትርንጎ ዘረጋችው። ከቆምኩበት ሆኜ አየሁት፤ የአባቴ እጅ ጽሕፈት ነበር። አባቴ ሲጽፍ ፊደሉን እርስ በርሱ አቀጣጥሎ፣ ብዕሩን ሳያነሣ እንደ ሐረግ ይስበዋል። እኛ ቤት ሳልማር የተማርኩት እሱን ነው፤ ማታ ማታ የተበላሸበትን ወረቀት እየሰጠኝ በጀርባው እጽፍበት፣ በፊቱ አነብበት ነበር። ትርንጎ ግን በሕይወቷ ያየችው የመጽሐፉንና የሰሌዳውን ፊደል ብቻ ነው። ወረቀቱን አቀረበችው፣ አራቀችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

መምህሩ ተጠግቶ አየና «አያ ዋሴ፣ ይህ እኮ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ይህን ገና አላስተማርናቸውም» አለ።

«ማንበብ ማንበብ ነው፣ መምህር።»

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው። የመጀመሪያውን ቃል አለ፤ ሁለተኛው ላይ ቆመ፤ ብርሃን እንዲያገኝ ወደ ሰማይ አነሣው። በኋላ ፈገግ አለና «እውነቱን ልንገርዎት? ይህን እኔም አላነበውም። የጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚያነበው» አለው።

አሁን ሳቁ ከሁሉም አቅጣጫ መጣ። የአያ ዋሴ ፊትም ላላ። መምህር ያላነበበውን ልጅ እንዴት ታነባለች? ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋና «እንግዲያማ…» ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ለምን እንዳነበብኩ ብዙ ዘመን ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። ቃል የጠፋበትን ተማሪ አጠገቡ ያለው ያቀብለዋል፤ እኔም መጀመሪያውን ባቀብላት ቀጥላ ትወጣዋለች ብዬ ነው እላለሁ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከጀመርኩ በኋላ አላቆምኩም። «ለወረዳው ፍርድ ቤት፤ አመልካች በርብ ወንዝ ዳር ያለኝን የአባቴን የግጦሽ ቦታ ጎረቤቴ ድንበር ገፍቶ ስለያዘብኝ» እያልኩ ሦስት መስመር ሙሉ፣ አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ አድርጌ አነበብኩት። ይህም እውነት ነው።

ሴቶቹ በቆሙበት በኩል አንዷ እልል አለች። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

አያ ዋሴ ወረቀቱን ከመምህሩ እጅ ተቀብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ጉዳዩ ይኸው ነው፤ አንድም አልተሳሳትሽ» አለኝ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ፣ ልጄ?»

«አምስተኛ።»

«ከሷ ጋር?»

«አዎ።»

«ተባረኪ፤ እደጊ» አለኝ። ከልቡ ነው የመረቀኝ። ከዚያ ለመምህሩ «ይነበባል እንግዲህ» አለው።

መምህሩ ያልሞከረው የለም። የጸሐፊው ልጅ ናት፣ የአባቷን እጅ ከልጅነቷ ታውቀዋለች አለ፤ አንድ ወር ይስጡኝና ትርንጎም ይህን ጽሕፈት ትለምደዋለች አለ። አያ ዋሴ በትዕግሥት አዳመጠው። «መምህር፣ ሁለቱም ከአንድ ሰው ነው የተማሩት፤ ከአንድ ሰሌዳ። አንዷ አወቀች፣ አንዷ አላወቀችም። እኔ አልቆጣም፤ ሁሉም ልጅ ለፊደል አይፈጠርም» አለ። እኔ «እሷ ትበልጠኛለች» ማለት ፈልጌ ነበር፤ አላልኩም። አሁን ሳስበው ብናገረውስ ማን ይሰማኛል? ሰው የሰማው ንባቤን ነበር።

ካርድ ታደለ። ትርንጎ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታለች፤ እኔ ሰባተኛ። መምህሩ ደረጃዋን ጮክ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ አያ ዋሴም ካርዱን በአክብሮት በሁለት እጁ ተቀብሎ ከማመልከቻው ጋር አጠፈና ከጋቢው ጫፍ ቋጠረው። በእሱ ዘንድ ካርዱም መምህሩ የጻፈው ወረቀት ነው፤ ጆሮው የሰማው ደግሞ ሌላ።

አባቴ ከደብረ ታቦር ሲመለስ እናቴ ነገረችው። ያን ክረምት ሙሉ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ «መምህር ያቃተውን ልጄ ወጣችው» እያለ ሲያወራ ከረመ፤ ማታ ደግሞ ከበድ ያለ ጽሑፍ እያወጣ ያስጠናኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ፣ ሄደህ አባቷን ብትነግረውስ?» አልኩት። «የሰው ቤት ነው፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

መስከረም ላይ ቦታዋ ባዶ ነበር። በጥር ወደ አንበሳሜ በኩል መዳሯን ሰማን።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተማርኩ፤ በኋላም ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስም ስጽፍና ስም ስጠራ ኖርኩ። ማንም ያላነበበው የእጅ ጽሕፈት ሲመጣ ወደ እኔ ይልኩት ነበር። አንድ ቀን ከአንበሳሜ አካባቢ የመጣ ጎልማሳ የእናቱን ስም ሲነግረኝ ትርንጎ ዋሴ አለኝ። ብዕሬን አስቀምጬ ደህንነቷን ጠየቅኩት። ደህና ናት፣ ሰባት ወልዳለች፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል አለኝ።

«ታነባለች?» አልኩት።

«ማን፣ እናቴ?» ብሎ ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ እናቴ ደግሞ የት ተምራ!»

የአምስት ዓመት ትምህርት፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ በር ላይ የቆሙትን ዝም ያሰኘ ድምፅ፣ ሁለተኛ የሚለው ደረጃ፤ ይህ ሁሉ ለወለደቻቸው ልጆች እንኳ አልደረሰም። ያየነው ጥቂት ነበርን፤ አሁን የምናስታውሰው ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ። ለልጁ ልነግረው አሰብኩ። ከነገርኩት ደግሞ የራሴንም መንገር ሊኖርብኝ ነው። ካርዱን ጽፌ ሰጠሁት።

ያን የመዝጊያ ቀን ከሰዓት በኋላ በጣና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አያ ዋሴ «ነይ እንሂድ፤ ወንዙ ሳይሞላ» አላት። ትርንጎ ያነበበችበትን መጽሐፍ ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ጥጉ ታጥፎ ስለነበር በአውራ ጣቷ ዳምጣ አቀናችው። ለጭቃው ቀሚሷን ሰብስባ ያዘች።

«ደህና ይዋሉ፣ መምህር» አለች።

አባቷን ተከትላ በበሩ ወጣች።