በትንሿ መብራት ውስጥ የቆመችው እህቴ

ከመንዝ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። እህቴ አስካለ የቆላችውን ገብስ በጨርቅ ቋጥራ ካፖርቴ ኪስ ከተተችልኝና እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። ውርጩ መንገዱ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ እግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። አስካለ ታናሼ ናት። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ እንደ አባት ነው የምታየኝ፤ ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ነው የኖርነው። ልጄ መሠረት ዲላ ታስተምራለች። «አባዬ፣ ብርዱ ጉልበትህን ጨረሰው፤ እዚህ ሙቀት ነው፣ ና» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ሁለት ዓመት እምቢ ብዬ በሦስተኛው ተሸነፍኩ። አስካለን አብረን እንሂድ ብላት፣ «የእናቴን መቃብር ለማን ትቼ» አለችኝ።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስኮት እጄን ይዛ፣ «ወንድምጋሼ፣ ስትደርስ ደውል። በጆሮዬ ድምፅህን ካልሰማሁ ሰው የሚያወራልኝን አላምንም» አለች።

«እደውላለሁ» አልኳት።

አዲስ አበባ መናኸሪያ ሌቦች ስልኬን ከኪሴ አወጡት። መታወቂያዬም በስልኩ ማኅደር ውስጥ ነበርና አብሮ ሄደ። ገብሱን አልነኩትም። አስካለ የራሷ ስልክ የላትም፤ የምትገናኘኝ በጎረቤት ስልክ ነው፤ የጎረቤቱም ቁጥር እዚያው ውስጥ ነበር፤ መሠረትም የምትደውለው በእኔ ስልክ ስለነበር አታውቀውም። እሷ የምታውቀው ደግሞ የእኔን ቁጥር ብቻ ነው። የድሮ ቁጥሬን ለማስመለስ መታወቂያ ያስፈልጋል ተባልኩና፣ ዲላ እንደገባሁ ቀበሌ ሄድኩ።

«መሸኛ ይዘዋል?» አለኝ ጸሐፊው።

«ከየት ልጄ?»

«ከነበሩበት ቀበሌ ነዋ።»

«እሩቅ ነው እኮ።»

«ይደውሉላቸዋ። በሰው ይልኩልዎታል።»

«የምደውልበት ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። ቁጥሬን ለማስመለስ ነው መታወቂያ የፈለግሁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ገባኝ አባባ። መጀመሪያ መሸኛውን ያምጡ፣ ስለ ስልኩ በኋላ እናወራለን» አለና፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር መስኮቱን በትሕትና ዘጋው።

ስደት ባሕር መሻገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በገዛ አገሬ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጥቼ የማያውቀኝ መስኮት ፊት ስቆም ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ክፉ ግን አላገኘሁም። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ይህን አገር ብታዩት አፋችሁን ይዛችሁ ትቀሩ ነበር። እኛ ጋ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ ፈልጎ ይደክማል። እዚህ ቡናው በእንሰቱ ጎን፣ እንሰቱ በትልቁ ዛፍ ሥር፣ አንዱ አንዱን አስጠልሎ ይኖራል። ዝናቡ ሳይቆጣ ይዘንባል። አቮካዶ ከዛፍ ወድቆ መንገድ ዳር ይገኛል፤ የሚሻማበት የለም። ቆጮ በመጀመሪያ አፌ ውስጥ ዞሮ ዞሮ አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ አሁን በጎመን ሲሆን እወደዋለሁ። የገብስ ቂጣ ግን በሕልሜ ይመጣል።

ቁጭ ብሎ መዋል ስላልሆነልኝ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማኅበሩ ወናጎና ጨለለቅቱ ላይ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉት፤ ቡናውን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሾፌር ጌታሁን ይባላል። ጌታሁን አንዳንዴ ወደ እኛ አገር እህል ሊጭን እንደሚወጣ ስሰማ የቢሮውን ስልክ ቁጥር በወረቀት አስጽፌ «ለአስካለ ስጥልኝ» አልኩት።

«የራስዎን ቁጥር አይሰጧትም?» አለኝ።

«የራሴ ተሰረቀ። ቢሮ አይሰረቅም።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ በጠራ ቁጥር ከበሩ ዳስ ጆሮዬን እቀስር ነበር። ስልኩን የምትይዘው ምሕረት የምትባል የዲላ ልጅ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ ደርሷል። ሥራ አስኪያጁ አቶ በራሶ አንድ ቀን አስጠሩኝና፣ «አባባ ዘነበ፣ ምሕረት ወልዳ እስክትመለስ ስልኩን እርስዎ ይያዙልን» አሉኝ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው።»

«ስልክ ፊደል አይደለም፣ ቁጥር ነው። ደግሞ ሰዉን ሁሉ በድምፁ ያውቃሉ። ካቃትዎት ወደ በርዎ ይመለሳሉ።»

አስካለ የምትደውልበት ስልክ ሥር መቀመጥ ነውና እሺ አልኩ።

ምሕረት ዓርብ ዕለት አስተማረችኝ። «ይቺ ትንሿ መብራት የመስመር አንድ ናት። ሰው ሲደውል ብልጭ ድርግም ትላለች። ያነሳሉ፣ ማንን እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ፣ ትራንስፈርን ይጫናሉ፣ ከዚያ የክፍሉን ቁጥር። በቃ።»

«ይቺኛዋስ?» አልኳት፣ ጎኗ ያለችውን አሳይቼ።

«እሷ መስመር ሁለት ናት። እሷንና ሆልድን ሰኞ አሳይዎታለሁ።»

ቅዳሜ ወለደች።

ሰኞ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው የደወለው ከጨለለቅቱ ጣቢያ ዱካለ ነው። ድምፁ ጆሮዬ ሥር ሲመጣ፣ ከጀርባው ውኃው ቡናውን ሲያጥብ፣ ሴቶች ሲሳሳቁ ተሰማኝ። ያ ሁሉ ተራራና ጫካ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ውስጥ አልፎ እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። እናንተ ለምዳችሁት ይሆናል፤ እኔ ራሴ በሞባይል ስንት ጊዜ አውርቻለሁ። ግን ድምፅን ተቀብሎ ለሌላ ሰው ማቀበል ሌላ ነገር ነው። እንደ አደራ ነው።

ታዲያ ስሕተቴም ከዚያ መጣ። ከሩቅ የመጣን ሰው ደጅ ላይ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደማያውቀው ክፍል ብቻውን መላክ ነውር ሆነብኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን እጠይቃለሁ። ከዚያ «አንዴ ልጥራቸው ልጄ» ብዬ እጀታውን ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛዋለሁ፤ በደረጃው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ የተፈለገውን ሰው ይዤ እወርዳለሁ። ጉልበቴ ያማል፣ ግን እንግዳ ተቀብያለሁ ብዬ ደስ ይለኛል። ስመለስ አንዳንዴ ሁለተኛዋ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አያታለሁ፤ ትንሽ ቆይታ ትጠፋለች። መሣሪያው ሲያርፍ የሚያሳየው ምልክት መስሎኝ፣ «እረፍ፣ አንተም ደክሞሃል» እለዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሒሳብ ሹሟ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ ለእርስዎ ሲባል ጫማ ጨረስኩ እኮ» አለችኝ። አቶ በራሶም «ሰው ደውሎ አይነሳልንም እያለ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ፣ በለዘበ አነጋገር።

ያን ሰሞን ጌታሁን ተመለሰ። ከመኪናው ሳይወርድ ፊቱን አይቼ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

«ወረቀቱን በፊተኛው ጉዞዬ ሰጠኋት፤ አሁን ደግሞ አይቻት መጣሁ» አለኝ። «እናንተ ቀዬ የስልኩ ማማ ተበላሽቶ ጎረቤት ስልክ አይሠራም። ሁለት ቅዳሜ ሦስት ሦስት ሰዓት በእግሯ ከተማ ወርዳ ካገኘችው ሱቅ ደውላለች። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም ትላለች።»

«እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ ጌታሁን።»

«እንግዲህ። ደህና ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ ስላት አለቀሰች። ‹መርዶ የሚደበቀው እንዲህ ነው፤ ደህና ነው እየተባለ› አለችኝ። ዘመዶቿም ለቅሶ ተቀመጪ እያሏት ነው። ‹የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አንዴ ልሞክር፤ ካልተነሳ ነጠላዬን ዘቅዝቄ እቀመጣለሁ› ብላለች።»

ቅዳሜው ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ያቺ ብልጭ ድርግም የምትለዋ መብራት ትዝ አለችኝ። እህቴ ከተማ ወርዳ እዚያች መብራት ውስጥ ቆማ ስታንኳኳ፣ እኔ «እረፍ» ብያት አልፌያለሁ።

ያንኑ ማታ ለምሕረት የአራስ ጥሪ ገንፎ ብዬ የገብስ ዱቄት ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። አልጋዋ ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ደረደረች፤ የቀኙ መስመር አንድ፣ የግራው መስመር ሁለት። ማንኪያው እኔ ነኝ።

«ከአንዱ ጋር እያወሩ ሌላው ሲበራ ምን ያደርጋሉ?»

«የመጀመሪያውን አሰናብታለሁ።»

«አይሰናበትም። ሆልድ ያደርጉታል።»

«ቆይ ብሎ መተው ነው አይደል? ሰውን ደጅ ላይ?»

ምሕረት ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ እያዞረች አሰበች። «መተው አይደለም አባባ። ሆልድ ሲያደርጉት ስልኩ ዘፈን ያሰማዋል። ወንበር ሰጥቶ ወደ ጓዳ እንደመግባት ነው። ዘፈኑ ወንበሩ ነው።»

በዚህ ገባኝ። ሦስት ማታ ተመላለስኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ «መስመር ሁለት!» ትላለች፤ እኔ ማንኪያውን ይዤ እዘላለሁ። እናቷ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ሽማግሌውን ታሳብጂያቸዋለሽ» ይላሉ።

ቢሮም ሄጄ ሠራሁት። ትራንስፈር፣ አንድ መቶ ሦስት፤ አቶ በራሶ ክፍላቸው ሆነው «አቤት» ሲሉ ፀጉሬ ቆመ። ሳልነሣ፣ ደረጃ ሳልወጣ፣ ሰውን ከጨለለቅቱ አንሥቼ ሁለተኛ ፎቅ አስቀመጥኩት። ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ደውሎ «ሥራ አስኪያጁን አገናኙኝ» አለ። ድምፁን አወቅሁት፤ የቀበሌው ጸሐፊ ነው። «ማን ልበል? ከየትስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። መሸኛ ይዘዋል ወይ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩትና አገናኘሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ቢሮው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ጊዜው እሸት ቡና የሚለቀምበት ስለሆነ ስልኩ ፋታ የለውም። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት አለፈ። ውኃ እንኳ ልጠጣ አልተነሣሁም። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መስመር አንድ ላይ ያለውን ሰው እያሰናበትኩ ሳለ ሁለተኛዋ መብራት ብልጭ አለች።

«ሃሎ» አልኩ።

የገበያ ጫጫታ ይሰማኛል፤ አህያ ትጮኻለች።

«አስካለ?»

«ማነው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እኔ ነኝ። ዘነበ ነኝ።»

«አይደለህም። እናታችን ማታ ማታ ምን ብላ ነበር የምትጠራህ?»

«የእኔ ዝናብ» አልኳት።

ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሱቁ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ተገኘ፣ ተገኘ» ሲባባሉ ይሰማኛል። እኔም ካፖርቴን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። ገና ስሟን ደግሜ ስጠራ፣ መስመር አንድ በራ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። መብራቷ ግን አትጠፋም። ያም የሰው ድምፅ ነው፤ ያም አንድ ቦታ ቆሞ እያንኳኳ ነው።

«አስካለ፣ ስሚኝ። አሁን ዘፈን ትሰሚያለሽ። ትቼሽ አይደለም። ወንበር ሰጥቼሽ ነው። እንዳትዘጊው።»

«የምን ዘፈን? ወንድምጋሼ!»

ሆልድን ተጫንኩ።

ዱካለ ነው። «አባባ፣ መኪናው ጭቃ ይዟታል። እሸቱ እየሞቀ ነው፤ ቶሎ ካልደረሰ ይበላሻል። አቶ በራሶ ይስጡኝ።»

ስለ ልጆቹ አልጠየቅሁትም። ትራንስፈር፣ አንድ መቶ ሦስት። አይነሳም። በመስኮት ሳይ አቶ በራሶ ግቢ ውስጥ ሚዛን ቤቱ በር ላይ ናቸው። ትራንስፈር፣ አንድ መቶ ስምንት፣ የሚዛን ቤቱ ስልክ። ገብተው ሲያነሡ አየኋቸው። እጃቸውን ከሩቅ አወዛወዙልኝ።

ዞር አልኩ። የመስመር ሁለት መብራት እንዳለች ናት፤ አልጠፋችም። የገብስ ፍሬ በምታህል ብርሃን ውስጥ እህቴ መንዝ ሆና ቆማለች። ሕይወቴን ሙሉ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ አላየሁም።

«አስካለ።»

«አቤት ወንድምጋሼ። ኧረ ዘፈኑ እንዴት ያምራል። ቃል የለውም። ባለሱቁንም አሰማሁት፣ ሴቶቹም እየተቀባበሉ ሰሙ። አሁን በሕይወት እንዳለህ አገር ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ከዚያ ሁሉን አወጋን። ገብሱን ጨርሼው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልጨረስኩትም፣ ጥቂት ፍሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ውርጩ ዘንድሮ ከባድ እንደሆነ ነገረችኝ። እዚህ ውርጭ የለም ስላት፣ «ታዲያ ጠዋት ጠዋት ምን ታያላችሁ?» አለችኝ። ጉም አልኳት፤ በዛፎቹ መሃል የሚሄድ።

«ወንድምጋሼ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች።

ጉልበቴን አሰብኩ። ልጄን አሰብኩ። መንገዱን አሰብኩ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ሰዉ ቢሮውን እየዘጋ ነው።

እሷ ሁልጊዜም የምታውቀኝ ነች። «እሺ፣ አትቸኩል» አለች። «መልሱን እስክታገኝ ያንን ዘፈን ክፈትልኝ።»

ከፈትኩላት። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ እኔም እጀታውን ይዤ እያየኋት ተቀመጥኩ።