በቃሉ የሚያውቀው ሰማይ

ህሩይ አንዴ ያየውን አይረሳም። አባቱ ቄስ ሐብተ ማርያም ጎንደር አራዳ አጠገብ ባለ ደብር ያገለግላሉ፤ ዳዊትም ያስተምራሉ። ከእሳቸው ጉባኤ ያጠናውን ሲያሰማ መጽሐፍ ሰረቅ አድርጎ የሚያይ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል፤ ህሩይ ደግሞ መሳቂያ መሆን ሞቱ ነው። ይኸው ጠባዩ አብራሪነት ሊማር አዲስ አበባ ሲወርድም አብሮት ተሳፈረ።

ጣጣው የመጣው በመሣሪያ ብቻ ማብረር ሲጀምር ነው። ተማሪው ውጭውን እንዳያይ ዓይንን የሚከልል ቆብ ይደፋለታል፤ የሚታየው ፊት ለፊቱ ያለው የመሣሪያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ህሩይ ሰሌዳውን አንዴ ቃኘት ያደርግና ሁሉንም በቃሉ ይይዘዋል። ከዚያማ ማን ደግሞ ያያል!

«ከፍታ?» ይለዋል አስተማሪው ካፒቴን አስናቀው።

«ዘጠኝ ሺህ ጫማ!» ዓይኑን እንኳ አያዞርም።

«እሱ ቅድም ነበር! አሁን ወርደሃል። መሣሪያው እኮ ቆሞ አይጠብቅህም።»

ፈተናውም ላይ ይህንኑ ደገመና ወደቀ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረው፤ ያም ካመለጠው ስንብት ነው። ለፋሲካ ጎንደር ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ስላዩት ቄስ ሐብተ ማርያም አባብለው ጉዱን አወጣጡት።

«መርሳት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ አባባ» አለ።

«ምነው ልጄ! እኔስ ቅዳሴውን ከልጅነቴ በቃሌ አውቀው የለ? መንበሩ ፊት ስቆም ግን ዓይኔ ከመጽሐፉ አይነሣም። ለመምህር በቃል ማሰማት ሸጋ ነው። የሰው ነፍስ ይዘህ ስትቆም ግን፣ ብታውቀውም ተመልከት።»

በሁለተኛው ፈተና ካፒቴን አስናቀው ከፍታውን ሲጠይቀው ህሩይ መጀመሪያ አየ፤ ከዚያ መለሰ። በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ያያል። አለፈ፤ ደስታውም ልክ አጣ።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ቄስ ሐብተ ማርያም አዲስ አበባ ታክመው ሲመለሱ፣ ረዳት አብራሪው ህሩይ ነበር። ጎንደር ሊደርሱ ሲሉ ደመናው አውሮፕላኑን ዋጠው፤ ክንፉ እንኳ አልታይ አለ። ከጎናቸው የተቀመጡት የአምባ ጊዮርጊሷ እማሆይ እናኑ ነጠላቸውን ጨብጠው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ ምነው ምንም አይታይሳ? እነዚህ ልጆች መንገዱን ያውቁታል?»

ቄስ ሐብተ ማርያም መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ፈገግ አሉ።

«የኔው ልጅ በቃሉ ያውቀዋል» አሉ። «ግን አይፍሩ፤ እያየ ነው።»