የቡና አልጋ ዳር ዘጠነኛ ክፍል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ልጇን እየጎተተች መጥታ በሬን አንኳኳች። ልጁ ከእሷ በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ ቢሆንም ተጎትቷል። «ቲቸር፣ በናትሽ፣ ማትሪክ አንድ ወር ነው የቀረው፤ አስጠኚልኝ» አለችኝ። የቱን ትምህርት ብላት «ሁሉንም» አለች። ወደ ልጁ ዞሬ ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ምን ትሠራ ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ «ያኔማ ገና ነበር እኮ!» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጡብኝ። ነገ ይምጣ ብዬ ሸኘኋቸው። ምን ላድርግ፣ አፌ ነው እንጂ ሆዴ አይጨክንም፤ ይህንን ደግሞ እዚህ ጅማ፣ ሰፈሬ ሰቶ ሰመሮ ውስጥ የማያውቅ የለም።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሐሳቤ ከጅማ ወዲያ ካለችው ትንሽ ከተማ፣ ሸቤ ገባ። አባቴ የጤና ረዳት ሆኖ ተመድቦ እዚያው ስለቀረ ያደግኩት ሸቤ ነው። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት መጥቶልኝ፣ የኮሌጅ ጥሪ እስኪነገር ቤት ተቀምጬ ነበር። ምኞቴ ሕክምና ነበር። ግን ዘጠነኛና አስረኛን ስጫወት አሳልፌ፣ መጽሐፍ መግለጥ የጀመርኩት አስራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ነውና መምህርነት ደረሰኝ። ዛሬ ዛሬ አይቆጨኝም። ያኔ ግን አንጀቴ አርሮ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ቡናው የቀላበት ጊዜ ነበር። ቡና ሲቀላ ሸቤ ውስጥ ቤቱ የሚውል ሰው የለም፤ ተማሪውም ቢሆን ደብተሩን ሰቅሎ ለቀማ ይወርዳል፣ አስተማሪው ለባዶ ወንበር ያስተምራል። እኔም እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የቡና ማጠቢያ ገባሁ። ሥራዬ አልጋ ላይ ነበር። አልጋ የሚሉት በእንጨት ቋሚ ላይ የተወጠረ ረጅም ሽቦ ነው፤ የታጠበው ቡና እላዩ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለቀምን እንጥላለን። እጅና ዓይን ሥራ ይዘዋል፣ አፍና ጆሮ ግን ሥራ ፈት ናቸው። እና ወሬ ነዋ! የሸቤን ሰው በሙሉ ከቡናው ጋር አብረን አሰጣነው።

ፊት ለፊቴ የምትቆመው ፈቲያ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጇ ግን መብረቅ። ከጎኗ እናቷ አዴ ሰዒዳ ይቆማሉ፤ አዴ በኛ አገር እማማ እንደማለት ነው። አንድ ቀን «ትምህርትስ፣ ፈቲ?» ብዬ ጠየቅኳት።

እናትየው ቀደም ብለው መለሱ። «ቡናው ሲያልቅ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ነው የምትሄደው። እህቴ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አጋዥ ትፈልጋለች። ትምህርቱማ አመለጣት፤ ታኅሣሥ ላይ ፈተና አለ አሉ፣ የወደቀ ይሰናበታል።»

የፈቲያ እጅ ቆመ። ቡናው ላይ አፈጠጠች። እኔ ደግሞ ነገር ሲያዩ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«አዴ፣ ብታልፍስ?»

ሳቁ። «ካለፈች ወላሂ አልነካትም፣ እስከፈለገችበት ትማር። ከወደቀች ግን ሄርማታ!»

ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ልጃቸው እዚያ ውስጥ ገብታ ምን እንደምትሆን በዓይነ ሕሊናቸው አይታያቸውም። የእህታቸው ሱቅ ግን ይታያቸዋል። እኔም ብሆን እንደዚያ ባሰብኩ።

በማግስቱ ጀመርን። የድሮ መጽሐፎቼን ማታ አነባለሁ፣ ቀን አልጋው ዳር እናገራለሁ። ደም ከልብ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ተክል ምግቡን በምን ይሠራል? ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እያደረግኩ። የተሳሳተ ሰው ቅጣቱ ቡናውን እስከ አልጋው ጫፍ ማገላበጥ ነው። ሌሎች የዘጠነኛ ልጆችም ወደኛ አልጋ ተጠጉ፣ ስምንተኛ ያሉት ሳይቀሩ። ተቆጣጣሪያችን አባ ፊጣ መጀመሪያ «ወሬ እጅ ይይዛል!» እያሉ ይጮሁብን ነበር። በኋላ የኛን አልጋ ቡና አገላብጠው አዩት፤ ንጹሕ ነው። «እሺ፣ ለፍልፉ» ብለውን ሄዱ።

አቤት የተሰማኝ ኩራት! ምን ብጠይቅ ይመልሳሉ፤ ፈቲያማ ገና ሳልጨርስ ትቀድመኛለች። እስቲ ልፈትናቸው ብዬ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፍኩና ሰጠኋቸው። ዘጠነኛ ክፍል ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ሁሉም ወረቀቱን ይዘው ፈዘው ቀሩ። ጥያቄው በየቀኑ በአፋቸው የሚመልሱት ነው፤ ልብሱን ቀይሮ ሲመጣ አላወቁትም። እኔ ሞኟ በጆሮ ብቻ አስተምሬያቸው ኖሯል። ፈቲያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

«አየሽ?» አሉ አዴ ሰዒዳ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም፣ ሐዘን ነበር። «ለኛ አይሆንም። ልጄን በከንቱ ተስፋ አታስይዣት።»

እልህ ያዘኝ። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ቡናው እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፣ ሠራተኛውም ከአቮካዶ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ የተቀቀለ ጎደሬውን በሚጥሚጣ ይበላል። ያቺን ሰዓት የእንግሊዝኛ አደረግናት። አንድ ልጅ አንድ አንቀጽ ከመጽሐፉ ያነባል፣ ሌላው ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ሥቃይ ነበር፣ አልዋሽም። ፈቲያ አንዷን መስመር አንብባ እስክትጨርስ ጎደሬው ይቀዘቅዛል። አዴ ሰዒዳ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አጠገባችን ጋደም ይሉ ነበር፤ እኔ እንደተኙ ነበር የማስበው።

እንዲህ ስንል ሰነበትን። አንድ ጠዋት አልጋው ዳር ሆነን ፈቲያን ጠየቅኳት፦ «ሴል ጉልበቱን የሚያመርተው የቱ ክፍል ውስጥ ነው?»

ጠፋት። ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ ቡናው አየች።

«ማይቶኮንዲራ» አለ አንድ ድምፅ።

አዴ ሰዒዳ ናቸው። ዓይናቸውን ከቡናው አልነቀሉም። አልጋው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አባ ፊጣ ምን ሆናችሁ ብለው ሮጠው መጡ። ፈቲያ እናቷን እንደ አዲስ ሰው ታያቸዋለች።

«ምን ያስቃችኋል? ጆሮ የለኝም እንዴ?» አሉ አዴ ሰዒዳ ተቆጥተው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ግን እሳቸውም እየሳቁ መሆናቸውን አየሁ።

ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ሳምንት ጥሪው በሬዲዮ ተነገረ። ምድቤ ባሕር ዳር ነበር፤ ፈተናው ሳይደርስ መሄዴ ነው። ፈቲያ «ገኒ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ትንሽ ቆዪ» ብላ እጄን ያዘች። ብቆይ ቦታዬ ያመልጠኛል፤ ብሄድ እሷ ታመልጠናለች። እየተላቀስን ተለያየን።

በመሄጃዬ ቀን መናኸሪያ ስደርስ አዴ ሰዒዳ ቀድመውኝ ቆመዋል። ለመንገድ ብለው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቋጥረውልኛል። ጭኮውን ሲሰጡኝ ክንዴን አልለቀቁም።

«ጥያቄዎቹን ንገሪኝ» አሉኝ።

«የቶቹን ጥያቄዎች፣ አዴ?»

«ፈቲን የምትጠይቂያትን ነዋ። አንቺ ከሄድሽ ማን ሊጠይቃት ነው? እኔ ልጠይቃት። መልሱን አላውቅ ይሆናል፣ ልጄ ስትደናቀፍ ግን አውቃለሁ።»

ረዳቱ «ጅማ! ጅማ! ግቡ!» እያለ ይጮሃል። እኔ የአውቶቡሱ በር ላይ ሆኜ አንድ ጥያቄ እላለሁ፣ እሳቸው ተቀብለው ይደግሙታል። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ጥድፊያችንን አይተው ዝናብ ሊመታብን የደረሰ የተሰጣ ቡና ያለን መስሏቸው ነበር። ጅማ እስክደርስ እንባዬ አልቆመም፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ አሁንም በደንብ አልነግራችሁም።

ክረምት ላይ ስመለስ ፈቲያ ጃንጥላ ይዛ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። እንደ ምንም ብላ አልፋ፣ አስረኛ ክፍል ልትገባ ነበር። እናቷ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ሳይሏትና እሷም እሳቸው እስኪገባቸው ድረስ ሳታስረዳ እራት እንዳልቀረበ ነገረችኝ። ታናናሾቿም በዚሁ ወንፊት አለፉ፤ እነሱማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። ፈቲያ ዛሬ አጋሮ ከተማ ፋርማሲስት ናት።

እኔ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ነኝ። ቀድሞ መዘጋጀት ማለት መጽሐፍ ቀድሞ መግዛት፣ አስጠኚ ቀድሞ መቅጠር የሚመስለው ወላጅ ብዙ አይቻለሁ። ያም አይጠላም። ነገር ግን ማታ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ ያለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ክፍት ነው። ይህንን ኮሌጅ አላስተማረኝም።

ባለፈው ዒድ ሸቤ ሄጄ አዴ ሰዒዳን ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ደክሟል። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ ሳልተነፍስ ገና፣ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» አሉኝ።

«ኧረ አዴ፣ እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ! ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር…»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉኝ።