የዳኛ ሆልኮም ምሳ

ማንደፍሮ ተሰማን ኦክላንድ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ሐበሻው ሁሉ «ጋሽ ሆልኮም» ይለዋል። ሳን ሆዜ በሚያጸዳው ፍርድ ቤት መግቢያ ላይ የአንድ የድሮ ፌዴራል ዳኛ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የሕይወት ታሪኩ። መስታወቱን ሲወለውል ታሪኩን በቃሉ ያዘው።

«ጃስፐር ሆልኮም ወርቅ ፍለጋ መጥቶ ባዶ እጁን ቀረ። ሕግ ተማረ። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ አድርጎ ሾመው። ሃያ ሰባት ዓመት በበቅሎ እየዞረ ሲፈርድ አንድ ፍርድ አልተሻረበትም። አብሮት ወርቅ የቆፈረ ጓደኛው ነፍስ አጥፍቶ ቀረበ። ሞት ፈረደበትና ምሳውን በላ።»

«ምን በላ ጋሼ?» ይሉታል ታክሲ ነጂዎቹ።

«እሱን አልጻፉትም። ፍርፋሪ ግን አላስተረፈም።»

ስለ ራሱ አያወራም። አገር ቤት ደርግ የላከለትን መዝገብ እየከፈተ አሥራ አንድ ዓመት ፈርዷል። የመታሰሩ ተራ የእሱ ሊሆን ሲል ተሰደደ። የጥገኝነት ቅጹ ላይ ግን ሥራው «መምህር» ነው። ያ ቃል ከተነካ ግሪን ካርዱ አበቃለት።

በፈረንጆች 1991 መጀመሪያ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ፀዳለ ኩምሳ የምትባል ወጣት መጣችበት።

«የጥገኝነት ኢንተርቪው አለብኝ ጋሼ። አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። የእርስዎ እንግሊዝኛ የዳኛ ነው አሉኝ።»

ደስ አለው። ጉዳይሽ ምንድን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቃትም።

በቀጠሮው ቀን የኢሚግሬሽን መርማሪዋ የአስተርጓሚውን መታወቂያ ተቀብላ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። የፀዳለን አባት ማን እንደፈረደበት ጠየቀች።

«ማንደፍሮ ተሰማ የሚባል ዳኛ» አለች ፀዳለ። «የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ችሎት ነበርኩ። አባቴ ልናገር ሲል ሳቀበት።»

ማንደፍሮ ያኔ ጢም አልነበረውም። አባቷን አስታወሰው፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር። መታወቂያው ስሙን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ስሙን አታውቅም። ችሎትም አልነበረችም። ከጎረቤት ነው የሰማችው።»

መርማሪዋ ጻፈች።

ሲወጡ ፀዳለ፣ «ሁሉን አሉልኝ ጋሼ?» አለችው።

«አንድ አላስቀረሁም።»

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። የኪራይ ክፍሏ ሄዶ አነበበላት። ተከልክላለች፤ ምስክርነቷ ዝርዝር የለውም ይላል።

«ስሙን ሳይቀር ተናግሬ?»

«ተናግረሻል። ፈረንጅ የእኛ ስም አይያዝለትም።»

«ከመለሱኝ እኮ ከአውሮፕላን ሳልወርድ ነው የሚይዙኝ።»

«እግዜር ያውቃል» ብሎ ደብዳቤውን አጠፈና ተነሣ።

አልለቀቀችውም። ለእሷ ሲል ከሥራ የቀረ ትልቅ ሰው ባዶ ሆዱን ከቤቷ አይወጣም። እንባዋን ጠረገች፤ እጇን ታጠበች፤ ምስር ወጡን አቀረበች። ጠቅልላ አጎረሰችው።

«በሞቴ ይድገሙ ጋሼ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ደገመ። ፍርፋሪ አላስተረፈም።