አጋሮ የቀረችው ገጽ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በኅዳር ወር፣ ሰኞ ንጋት ላይ ነው። ጉዳዬ መምህር አስናቀ ከሩሲያኛ የተረጎሟቸውን ታሪኮች ረቂቅ ተቀብዬ ማምጣት ነበር፤ አርታኢያቸው ነኝ። መምህር ሌኒንግራድ ድረስ ሄደው የሩሲያን ሥነ ጽሑፍ ያጠኑ ምሁር ናቸው። አንድ ስብሰባ ላይ፣ «የሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ከአብዮቱ በፊትም ነበረ» በማለታቸው ወደ አጋሮ ተዛውረው፣ እዚያ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። አለቃዬ ሲሸኙኝ፣ «እስከ ዓርብ ካልደረሰ የማተሚያ ቤቱ ወረፋ ያልፈናል» አሉኝ።

ጊቤ ድልድይ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ የቀበሌ ደብዳቤዬን አገላብጦ መለሰልኝ። ማምሻውን ጅማ ገባሁ፤ መርካቶ አጠገብ አልጋ ይዤ፣ ዳቦ በማር በልቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ አጋሮ

በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ በየደጁ ቀይ እሸት ምንጣፍ ላይ ተሰጥቷል። መምህር ጋቢ ደርበው በር ላይ ተቀበሉኝ።

«አልቋል?» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

«አንድ ገጽ ቀርቷል። እናትየው ልጇ ጦር ሜዳ መሞቱን የምትሰማበት።»

ረቂቁን አነበብኩት። «ወዮ የዓይኔ ብርሃን፣ የቤቴ ምሰሶ» እያለ ይቀጥላል።

«ግሩም ነው እኮ!»

«ውሸት ይሸተኛል» አሉ።

መምህር የተከራዩበት ቤት ባለቤት እማማ ሩቂያ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ይዘው ቡና ይለቅማሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ ያልደረሳቸው ሴት ናቸው። መምህር ከሰዓት በኋላ የተረጎሙትን ያነቡላቸዋል።

«ያቺን የደበቅካትን አንብብ» አሏቸው እማማ በዚያን ቀን።

«እማማ፣ ትቅርብዎ።»

«አንብብ አልኩህ።»

አነበቡ። የእማማ እጆች ሰፌዱ ላይ ቆሙ።

«ላኪ» አሉ፤ በኦሮምኛ አይሆንም ማለታቸው ነው። «ወላሂ፣ እናት እንዲህ አትልም።»

«ምን ትላለች?» አሉ መምህር።

እማማ ሰፌዱን አስቀመጡ። «በርዶት ነበር ወይ? የሚለብሰው ነበረው ወይ? ትላለች። ሌላ ምን ትላለች?»

መምህር ተነሥተው የሩሲያኛውን መጽሐፍ አመጡና መስመሩን በጣታቸው አሳዩኝ። «‹ካፖርቱን ለብሶ ነበር?› ነው የሚለው» አሉኝ። «ተራ መሰለኝና አስጌጥኩት።» ከዚያ ወደ እማማ ዞረው፣ «ልጻፈው?» አሉ።

«ጻፈው። የኔ ልጅ ግን አልሞተም። ኢንሻ አላህ ይመጣል።»

መልስ

ሐሙስ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። በማግስቱ አለቃዬ ገጿን አንብበው፣ «ይሄማ የሰፈር ወሬ ነው፤ ሐዘኑ የታለ?» አሉ።

«እንዲህ ካልታተመ ስሜን ከመጽሐፉ ያውጡት» አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ደግመው አነበቡና ፈረሙ።

እስከዚያ ጉዞ ድረስ አማርኛ አሳምር ነበር እንጂ ሰው ሲናገር አላዳምጥም ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ሁለት ቅጂ ወደ አጋሮ ላክሁ። መምህር መልስ ጻፉልኝ፤ እማማ ሩቂያ ያቺ ገጽ እንድትደገምላቸው አልጠየቁም። አንዱን ቅጂ ግን፣ ልጃቸው ሲመለስ እንዲያነበው ብለው ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል።