ሻጯ የለችም?

ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ለወጣቶች ለቀቀ። ቤት መዋል በጀመረ ሰሞን ሚስቱ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። የተወችለት አንዲት ሴት ልጅና ራሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የሠራችበት የሴቶች የውስጥ ልብስ ሱቅ ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሮበታል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በአበባማ መጋረጃ የተከለለ የልብስ መሞከሪያ አለ። የበሩ መስታወት ላይ «ለማንኛውም ጥያቄ ሻጯን ያነጋግሩ» ይላል።

ሚስቱ ይህን ያስጻፈችው በምክንያት ነው። ብዙ ሴት የጡት መያዣ ቁጥሯን ለወንድ መናገር ያሳፍራታል። «ሻጩን» ቢል ኖሮ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ «ሻጯን» ሲል ግን ደፍራ ትገባለች። «አየህ» ትለው ነበር ባሏን፣ «እኛን የምታኖረን ይቺ አንዲት ፊደል ናት።»

ሾፌሩ ሱቁን ዳግም በከፈተ ቀን አንዲት ወጣት ፈገግ ብላ ገባች። ሽበት የወረረውን ጢሙን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ሻጯ የለችም?»

ማረፏን ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ወጣ ብላለች» አለ።

«ትመለሳለች?»

«ትመለሳለች።»

አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚቀጥለው አልከበደውም። አንዷን «ዕቃ ልታመጣ ሄዳለች» ይላታል፣ ሌላዋን «ትንሽ አሟት ነው» ይላታል። ሴትዮዋ «በኋላ እመለሳለሁ» ብላ ስትወጣ፣ ቢያንስ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ሚስቱ በሕይወት ያለች ይመስለዋል። ገበያው ግን ቀዘቀዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢሮዋ ስታርፍ የምታግዘው ልጁ ነገሩን ደረሰችበት።

«አባዬ፣ ምን ነካህ? ወይ ሱቁን እናከራየው፣ ወይ ጽሑፉን አስፍቀን ‹ሻጩን› እናስጽፍበት። የሴት ልብስ የሚሸጥ ወንድ እኮ በየመንገዱ ሞልቷል።»

«እነሱ ሻጭ ናቸው» አላት። «እኔ ቤት ጠባቂ ነኝ። ተይኝ።»

ልጅቷ ከዚያ በላይ አልገፋችም። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ሥራ ላይ ተጠምዳ፣ ዕንባ የሚባል ከዓይኗ አልወጣም ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ከዘራዋን እየተመረኮዘች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ገባች።

«ሻጯ የለችም?»

«ወጣ ብላለች፣ እናቴ።»

«እንግዲያው እጠብቃታለሁ» ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

እስከዚያ ቀን ማንም ቁጭ ብሎ ጠብቆ አያውቅም። ሾፌሩ ካርቶን አወረደ፣ መልሶ ሰቀለ። አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

«አንዱን ጡቴን ሐኪም ከቆረጠው ወዲህ የጡት መያዣዬን በጥጥ ሞልታ የምትሰፋልኝ እሷ ናት። ለገዛ ልጄ እንኳ አሳይቼ አላውቅም። አሁን አርጅቶብኝ ከቤት መውጣት አቁሜ ነበር። ዛሬ እሷን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሾፌሩ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ፊት ለፊቷ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አትመጣም። አርፋለች።»

ይህን ቃል በገዛ አፉ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። አሮጊቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች፤ እሱም እንደ ልጅ አለቀሰ።

«አይ ልጄ» አለችው፣ «ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸክመኸው!» አፍንጫዋን ጠረገች። «ታዲያ አሁን ሻጯ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ» አላት። ከነዕንባቸው ሳቁ።

ሚስቱ ማታ ስትሰፋ ጥጡን የሚያባዝትላት እሱ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን ጠይቋት አያውቅም። አሮጊቷ መጋረጃው ውስጥ ገብታ አሮጌውን በላይ በኩል አቀበለችው። በዚያ ልክ ጨርቅ ቆርጦ፣ መሪ በለመደ እጁ መስፋት ጀመረ። ተጣመመበት፤ ፈትቶ እንደገና ሰፋው።

«ትንሽ ከበድ ይላል» አለች ከውስጥ።

ጥጡን ቀንሶ መለሰላት። እንደ ሚስቱ ስፌት አላማረም፤ አሮጊቷ ግን ቀና ብላ ወጣች።

የሚስቱ ማረፍ ተሰማ። ለቅሶ ያልደረሱ ደንበኞች እየመጡ አብረውት ተቀመጡ። ለወንድ አንናገርም ብለው የቀሩ አሉ፤ ቅዳሜን ጠብቀው ልጁን የሚፈልጉም አሉ። አሮጊቷ ያወጣችለት ስም ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ጠዋት ብቅ ሲል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ «ሻጯ መጣ!» ይላል። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«አባዬ፣ እየቀለዱብህ እኮ ነው!»

«ይቀልዱ» አለ። «እሷንም እየጠሯት ነው።»

በዚያው ቅዳሜ አንዲት ሴት መጋረጃው ውስጥ ገባች። ሾፌሩ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ቆመ። ሴትዮዋ ስለ ልኩ ትጠይቃለች፤ እሱ ለግድግዳው በእርጋታ ይመልሳል። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጀርባውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ድንገት ሲቃዋ ተሰማ።

ሾፌሩ ሰማ። ደንበኛዋ ገና ስላልወጣች ግን መዞር አልቻለም። አንድ እጁን ፈትቶ ወደ ኋላ ዘረጋላት፤ መጥታ ያዘችው።